ራሷ የተበላ ቪቴ

ባለፈው መስከረም ገሳይ ከተማ ላይ መኪና ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሰውዬ ሞተር ሳይክል አቁሞ ሲጠግን አየሁ። ማየቱ ምንም አልነበረም፤ የያዘኝ ሽታው ነው። ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቢጫ ነገር ሲቀዳ፣ ጣፈጥ ያለ ግን ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ በነፋሱ መጣብኝ። የፍሬን ዘይት ነው። መዳፌን ሳየው በላብ ርሷል። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ እጄን በነጠላዬ ጠረግኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ደኅና ነኝ» አልኳት። ከዚያ በላይ ምን እላታለሁ?

ነገሩ የሆነው አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። አምስተኛ ክፍል እንድማር ተብሎ ከጉና ግርጌ ካለው ቀበሌያችን ደብረ ታቦር፣ አጎቴ ቤት መጣሁ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙ ደሴ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሥራው ከብት መከተብ ነበር። በሽታ ገባ በተባለበት ቀበሌ ሁሉ በቀይ ሞተሩ ይሄዳል፤ ከኋላው በረዶ የተጨመረበት የክትባት ሣጥን በገመድ ይታሰራል። ሚስቱ እትዬ ዘርፌ ትባላለች። ልጅ ገና አልወለዱም፤ ግቢው ውስጥ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ አልናገርም ነበር። ዲዳ ሆኜ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ታላላቆቼ እኔ ልል ያሰብኩትን ቀድመው ይሉታል። ከተማ ስገባ ግን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። መምህሩ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ጥያቄ ጠይቆኝ ዝም ስል «እናኑ፣ ድምፅሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» ይለኛል፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እቤትም ያው ነበርኩ። እንጀራ ልጨምርልሽ ወይ ስባል ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስብ አደርጋለሁ፤ እኛ አገር አዎ ማለት ነው። እትዬ ዘርፌ «ይቺ ልጅ እኮ ነገሯን ሁሉ ወደ ውስጥ ነው የምታወራው» ትላለች።

የጠዋት ሥራዬ ሞተሩን መወልወል ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ደብረ ታቦር በኅዳር ጠዋት ጣት ይቆርጣል። የሞተሩ ወንበር ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ በጨርቅ ሳሸው ጨርቁ ራሱ ይደርቅና እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ከፊት መብራቱ እጀምርና በቆርቆሮው ሣጥን እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ጫማውን እያሰረ በቀኝ እጀታው በኩል፣ የፍሬኑ መያዣ ባለበት፣ ክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ዕቃ አሳየኝ። ላይዋ ክዳን አለው፤ ክዳኑን ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች ይዘውታል። ጎኗ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ መስታወት አለች፤ በመስታወቷ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ይታያል።

«እናኑ፣ ይቺን አየሻት? በውስጧ ያለው አለቀ ማለት እኔም አለቅኩ ማለት ነው» አለኝና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እየሳቀ የሚናገረው እውነት ሲሆን ነው ብዬ አምን ነበር፤ አባቴም የታመመች ላም አትተርፍም ሲል ይስቅ ነበርና። የጋሼ ዕድሜ በዚያች መስታወት ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ሆነ። ፈሳሹ ካለ ሰላም ነው፤ ውርጩን እጠርጋለሁ። ማታም ሲመለስ፣ ሣጥኑን ሳይፈታ፣ ሄጄ አያታለሁ።

ፍርሃቴን ያባሰው የእትዬ ዘርፌ ጨዋታ ነው። ከጎረቤታችን ጋር በአጥሩ ላይ ሆነው ሲያወሩ፣ ከገሳይ ወዲያ ባለው ቁልቁለት አንድ ሰው ከነሞተሩ ገደል ገባ ተብሎ ተነሣ። ጎረቤታችን «ፍሬኑ እንቢ ብሎት ነው አሉ» አለች። እትዬ ዘርፌ ከንፈሯን መጠጠችና፣ «ሞተር የያዘ ባል ያላት ሴት እሷ ብትተኛም ጆሮዋ አይተኛም» አለች። እኔ ከአጥሩ ሥር እንጨት እለቅም ነበር። የለቀምኩትን መልሼ በተንኩት።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ጋሼ ስብሰባ አለኝ ብሎ በእግሩ ወጣ። ሞተሩን ከቆርቆሮው ጥላ አውጥቶ፣ ግቢው ዘቅዘቅ በሚልበት ጥግ፣ መሪውን ጠምዝዞ ነበር ያቆመው። እትዬ ዘርፌ ልቅሶ ሄዳለች። እኔ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እንደ ልማዴ መስታወቷን አየሁ።

ባዶ ናት።

አሁን ነገሩ ይገባኛል፤ ሞተሩ ስላዘነበለ ፈሳሹ ወደ ወዲያኛው ጎን ሸሽቶ ነው። ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ጋሼ በሄደበት ስብሰባ ላይ ወድቆ የሞተ መሰለኝ። ወደ በሩ ሮጬ መንገዱን አየሁ፤ ኡኡ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ገና ነው፤ አልቆ ከሆነ ልሙላው ብዬ አሰብኩ።

በምን እሞላዋለሁ? የቧንቧ ውሃ ለሰው ነፍስ አይመጥንም። ጓዳ ውስጥ ግን እትዬ ዘርፌ ልጅ እንዲሰጣት ተስላ ከሩቅ ገዳም ያመጣችው ጸበል አለ። በላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ጠብታ ትቀምሳለች እንጂ ለሌላ አታወጣውም። ከሱ የሚበልጥ ነገር በቤቱ ውስጥ አላውቅም። ጠርሙሱን አወጣሁ፤ የሽንኩርት መክተፊያውንም ቢላ ያዝኩ።

የቪቴዎቹ ራስ ላይ ያለው ቀዳዳ መስቀል ነው። ይህን ሳይ ልቤ ረጋ አለ፤ ጸበል እንዲገባበት የተሠራ ቦታ ነው አልኩ። የመጀመሪያዋ ቪቴ በቢላው ጫፍ ጢዝ ብላ ዞረችልኝ። ሁለተኛዋ እንቢ አለች። ቢላው ተንሸራተተ። ጫን ብዬ አዞርኩ፣ ደግሞ ተንሸራተተ፣ ደግሞ። የብረት ፍርፋሪ አወጣች። ጎንበስ ብዬ ባያት መስቀሉ ጠፍቷል፤ በቦታው ክብ ጉድጓድ ቀርቷል። መስቀል በቢላ ፋቅሁ። እጄን በፍጥነት ከብረቱ ላይ አነሣሁት።

ግን ጀምሬዋለሁ። በተፈታችው ቪቴ በኩል ያለውን የክዳኑን ጫፍ በቢላው ቀስ ብዬ ፈልቀቅ አደረግኩት፤ የሣር ቅጠል የምታስገባ ክፍተት ተገኘች። በጠርሙሱ ክዳን እየለካሁ ጸበሉን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ። ፈሳሽ በጎን ወጥቶ ቀዩ የቤንዚን ታንከር ላይ ወረደ፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። እንዲመቸኝ ብዬ መሪውን ወደ መሀል ስመልሰው፣ መስታወቷ ውስጥ ቢጫው ፈሳሽ እንደ ፀሐይ መውጫ ቀስ ብሎ መጣና ሞላት።

ጸበሉ ነው የሞላው! ቪቴዋን በእጄ መልሼ ገጠምኩ፣ በቢላው አጠበቅኩ፣ ጠርሙሱን ቦታው አስቀመጥኩ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማንም ሳያውቅ ሰው አድኛለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሞተሩን ባየው፣ ፈሳሹ በወረደበት መንገድ ቀዩ ቀለም አብጧል። ልክ ትኩስ ውሃ እንዳቃጠለው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። በጣቴ ስነካው ተላጠ። ጸበል የሚያቃጥለው ሰይጣንን ነው፤ እኛ ቀበሌ ጸበል ቦታ የሚጮኹ ሰዎችን አይቻለሁ። ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ ሰይጣን ነበር ማለት ነው። ወጥቶ ይሆን፣ ወይስ ተቆጥቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆን? ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ጋሼ ሲመለስ በመጀመሪያ ያየው ቀለሙን ነው። ከዚያ ቪቴዋን አየ። ካቻቢቴ አምጥቶ ሊፈታት ሞከረ፤ ካቻቢቴው ባዶውን ዞረ። ከሳምንት በፊት ፍሬኑን ያስተካከለለት መካኒክ እንድሪስ የሚባል ጓደኛው ነው፤ እዚያው እንደቆመ ስልክ ደወለለት። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ።

«እንድሪስ፣ ይሄን ቪቴ የበላኸው አንተ ነህ?… ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ ዘርፌ ናት የፈታችው?… ቀለሜንም ልጠህልኛል! የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚበላ አንተ አታውቅም?… እሺ እሱስ ይቅር፣ እንደዚህ ስትዝረከረክ ውሃ ገብቶበት ቢሆንስ? ሜዳ ላይ ይይዝልኛል። ቁልቁለት ላይ ብረቱ ሲግል ውሃው ይፈላና መያዣው ባዶ ይሆናል። ያኔ እኔን ከገደል ሥር መጥተህ ጠግነኝ!»

ስልኩን ዘጋው። ሞተሩን ትንሽ ገፋ ገፋ አድርጎ ፍሬኑን ያዘ፤ ቆመ። «ይይዛል» አለ ለራሱ። ለእትዬ ዘርፌ «ሰኞ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ከገሳይ ወዲያ ከብቱ እያለቀ ነው፣ ገበሬው ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ቪቴዋን ስመለስ እንድሪስ ይነቅላታል» አላት።

ሰይጣኑን ረሳሁት። ከሰይጣን የባሰ ነገር ሰማሁ። ጸበሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡን እንዳያይ ክዳኑን የዘጋሁበትም እኔ ነኝ። ቪቴዋ ብትወጣ ይከፍተዋል፣ ይከፍተውና ያያል፣ እኔም መናገር ሳያስፈልገኝ ይድናል ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ነገር በዚያች ብናኝ በምታህል ቪቴ ላይ ቆመ።

ቅዳሜ ኅዳር ሚካኤል ዋለ፤ በማግስቱ እሑድ ነው። በእትዬ ዘርፌ ግቢ ውስጥ በበዓልና በሰንበት ብረት አይመታም። ሁለት ቀን ሞተሩ ያለ ሥራ ቆመ፣ ሁለት ቀን እኔ በዙሪያው ዞርኩ። የምናገረውን አዘጋጀሁ። «ጋሼ፣ ጸበል ጨምሬበታለሁ።» ሦስት ቃል ነው። ለግድግዳው ስናገረው ይወጣል። ለዶሮዋ ስናገረው ይወጣል። ምሳ ላይ ጋሼ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ እናኑ?»

አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ ወደ ውስጥ ስብ አለ።

«አዎ? ምኑን ነው አዎ የምትይው?» አለና ሳቀ። «ዘርፌ፣ ለዚች ልጅ ሥጋ ጨምሪላት መሰለኝ፣ አፍራ ነው።»

ተጨመረልኝ። ያን ሥጋ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘርፌን ወስፌ ይዤ ወደ ሞተሩ ሄድኩ፤ ጫፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ ላዞራት ነበር። ሳልደርስ እትዬ ዘርፌ ከበሩ ሆና አየችኝ።

«አንቺ! በሚካኤል ቀን ወስፌ? ስፌት ነው ያማረሽ? የባላገር ልጅ ሆነሽ በዓል አታውቂም?» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ ጥሩነህ መጡ። እትዬ ዘርፌ ጸበሉን ባርከው እንዲረጩላት ጠርሙሱን አቀረበች። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። «ደሴ፣ ይሄ ጸበል አልጎደለም?»

«ተንኖ ይሆናል» አለ ጋሼ።

«ጸበል ይተናል?»

«ከዚህ ቤት ሁሉም ነገር ይተናል፤ ስኳሩም ይተናል» አላት። መምሬ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ።

ከምሳ በፊት መምሬን ማስታጠብ የኔ ሥራ ነው። ከበረንዳው ወጣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ከማንቆርቆሪያው አፈስሳለሁ። ማንም በአቅራቢያ የለም። መምሬ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነገርን ይይዛሉ። ውሃው ሲወርድ ድምፁ ድምፄን ሸፈነልኝና፣ «አባቴ፣ ጸበሉን ሞተሩ ውስጥ ጨመርኩት» አልኳቸው።

«የት?»

«ፍሬኑ ውስጥ።»

መምሬ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለአጎትሽ ብለሽ?» ትንፋሼን ሳብኩ። «አይዞሽ ልጄ። ጸበል ማዳን እንጂ መግደል መቼ ያውቃል? እምነትሽ ያድነዋል። ለዘርፌ ግን አንነግራትም፤ እሷ ጠብታዋን ትቆጥራለች» ብለው በመስቀላቸው ግንባሬን ነካ አደረጉኝ።

ሸክም ወረደልኝ። መምሬ ካሉ አለቀ። ከሰዓቱን ሙሉ ዘለልኩ፤ እትዬ ዘርፌ «ዛሬስ ነፍስ ዘራሽ» አለችኝ።

አመሻሹ ላይ ግን ከሰሉ ላይ ውሃ ተጥዶ ነበር። የማንቆርቆሪያው ክዳን ቶክ ቶክ ቶክ እያለ ይዘላል። ቆሜ አየሁት። መምሬ ጸበል አይገድልም ብለዋል። ጋሼ ደግሞ ውሃ ይፈላል ብሏል። ጸበል ይፈላል ወይ? ይህን ማንም አልነገረኝም። እትዬ ዘርፌ ከብት ልታስገባ ስትወጣ፣ ከጠርሙሱ አንድ ክዳን ቀድቼ በጣሳ አደረግኩና ከፍሙ ላይ ጣድኩት። ከጸበል የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ዝም እንዲል፣ ወይም እንዲያበራ።

መጀመሪያ ከታች ትንንሽ አረፋ ያዘ። ከዚያ ተንተከተከ። ልክ እንደ ቧንቧው ውሃ ነው የፈላው። ጣሳውን በባዶ እጄ አነሣሁትና ጣቴን አቃጠልኩ፤ አልጮህኩም።

ያን ሌሊት የጋሼን ማንኮራፋት ስሰማ አደርኩ። ማንኮራፋቱን ባቆመ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ሣጥኑን አሰረ። በረዶው ተጨምሯል፣ መርፌው ተቆጥሯል። እትዬ ዘርፌ ስንቁን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ሞተሩን አስነሣ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጠርሙሱን አመጣሁና ከፊት ጎማው ፊት ቆምኩ።

«ዞር በይ እናኑ፣ በረዶው ይቀልጥብኛል።»

አልተንቀሳቀስኩም። ጠርሙሱን ከፍ አደረግኩ። በሌላ እጄ የፍሬኑን ክዳን አመለከትኩ።

«ምንድን ነው? ዘርፌ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነች?»

«ከዚህ ነው» አልኩ። ሞተሩ ስለሚጮህ አልተሰማም። ቁልፉን ዘጋው። ድንገት ጸጥ ሲል የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። «ከዚህ ነው። ውስጥ አለ። ቪቴዋንም የበላኋት እኔ ነኝ። ጋሽ እንድሪስ አይደለም።»

እትዬ ዘርፌ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ጠርሙሱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ክዳኑን አየ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ስልክ እየደወለ ነበር። «እንድሪስ፣ ወንድሜ፣ ዕቃህን ይዘህ ና። አዎ አሁኑኑ። ይቅርታ የምልህ አለኝ።»

ጋሽ እንድሪስ አጭር፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ጺሙ ጫፉ ላይ ሸብቷል። ነገሩን ሲሰማ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ስሜን ያጠፋችው ይቺ ናት? እኔ ደግሞ ትልቅ ጠላት የተነሣብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር በለኝ እንድሪስ» አለው ጋሼ።

«ይቅርታህን በሥራ ክፈል። መዶሻዋን አቀብለኝ።»

መጀመሪያ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ቆርጦ ጉድጓዱ ላይ አደረገና በላዩ ካቻቢቴውን ጫነ፤ ጎማው ገብቶ እንዲይዝለት ነው። አዞረ። ጎማው ተበጣጠሰ እንጂ ቪቴዋ አልነቃነቅ አለች። ነጭ ጋዝ ጠብ አደረገባትና ጠበቀ። በመዶሻ ራሷን ቀስ ቀስ አድርጎ መታ። እንደገና ሞከረ፤ ምንም። ጋሼ ሰዓቱን ያያል፣ ሣጥኑን ያያል። በሦስተኛው ጋሽ እንድሪስ ጠባብ መሮ አወጣ። የቪቴዋ ራስ ጠርዝ ላይ አጋድሞ አስቀመጠና፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ጠቅ አደረጋት። ጠቅ። ጠቅ። እኔ በእያንዳንዱ ምት ዓይኔ ይጨፈናል።

«ጪ…» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ተናገረች!» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ቪቴ ካልተናገረች አትወጣም። ከተናገረች ወዲያ ግን የኛ ናት።» በፒንሳ ይዞ አዙሮ አወጣትና መዳፌ ላይ ጣላት። ከገብስ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ትሞቃለች።

ክዳኑ ተነሣ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ውስጡ ቢጫ ዘይት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ ጸበሉ ከላይ ወይም ከታች ለብቻው ቆሞ የማየው መስሎኝ ነበር።

«የታለ ውሃው?» አለ ጋሼ።

«አይታይም» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ይሄ ዘይት ውሃን ይጠጣዋል። እንደ ምግብ ዘይት ለብቻው አይንሳፈፍም። ቪቴዋ ደኅና ሆና ትናንት ከፍተኸው ቢሆን ኖሮ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው ብለህ ዘግተኸው ነበር የምትሄደው።»

ጋሼ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ቪቴዋ ብትወጣ ይበቃል እያልኩ ነበር እኮ። ብትወጣም አይበቃም ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ዘይቱን ከታች፣ ከጎማው አጠገብ ባለችው ማፍሰሻ በኩል በቆርቆሮ ጣሳ አወረደው። ከአጥሩ ሥር ሊደፋው ሲነሣ እትዬ ዘርፌ ጮኸች። «ኧረ እንድሪስ! ጸበል አለበት እኮ፤ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም!»

«መርዝም ነው እኮ ዘርፌ፤ ከብት ከላሰው ይሞታል።»

«መርዝም ይሁን፣ ጸበል አለበት።»

ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ እንድሪስ ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጸበል መሆኑን ካወቀ በኋላ በአንድ እጅ መያዝ ነውር የሆነበት ይመስላል። «በሉ ንገሩኝ፣ እኔ የናንተን ሥርዓት አላውቅም፤ ስቼ እንዳልበድል።» በረዶው እየቀለጠ፣ ጋሼ ዶማ አምጥቶ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሀል ሰው በማይሄድበት ጉድጓድ ቆፈረ። ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብሎ አፈሰሰ። ጋሼ ሰፊ ድንጋይ ከደነበት። እትዬ ዘርፌ አማተበች። ከዚያ ሦስቱም እየተሳሳቁ ተመለሱ። እኔ መሳቅ የሚፈቀድልኝ መሆኑን አላወቅኩም።

አዲሱ ዘይት ከተሞላ በኋላ ከቱቦው ውስጥ አየር መውጣት አለበት፤ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጋሼ እጁ ላይ ጭቃ ነበር፤ ሊታጠብ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ ከጎማው ሥር ተኝቶ «አንቺ ነይ» አለኝ። «ይሄን መያዣ ትጨምቂና ‹ይዣለሁ› ትያለሽ። እኔ ማፍሰሻዋን እፈታለሁ፣ እዘጋለሁ። ‹ልቀቂ› ስልሽ ብቻ ትለቂያለሽ። ከዚህ ሆኜ አላይሽም፤ ድምፅሽን ነው የማየው። እሺ?»

ጨመቅኩ። መያዣው በውሃ እንደራሰ ጨርቅ ለስልሶ ገባ። «ይዣለሁ» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«ይዣለሁ።»

«ሴትዮ፣ ሳልሰማ ብፈታ አየር ይገባል፤ እንደገና ነው የምንጀምረው። አጎትሽ ገደል ይግባ?»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቂ።»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቂ።»

ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከታች ፍሽ የሚል አረፋ ይሰማል፣ እያነሰ ይሄዳል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ማን ናት የምትጮኸው?» አለች። እትዬ ዘርፌ «እናኑ ናት» አለቻት። «ውሸት!» አለች ጎረቤታችን። እኔ መልስ ለመስጠት ጊዜ የለኝም፤ ሁለት እጄን አጣምሬ እየጨመቅኩ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ መያዣው እየጠነከረ መጣ። መጨረሻ ላይ ከግማሽ በላይ አልገባ አለ፤ እንደ ድንጋይ ደረቀ። «ይዣለሁ!» አልኩ፤ ጋሽ እንድሪስ ከሥር ወጥቶ ተነሣ። «በቃ፣ ይዟል። አትጩሂብኝ፣ አጠገብሽ ነኝ።»

በተበላችው ቪቴ ፋንታ ከዕቃ ሣጥኑ ሌላ ፈልጎ ገጠመላት። ጋሼ ተቀመጠና አስነሣው። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞር አለ፤ ይቆጣኛል ወይም ይመርቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ማታ ስመጣ፣» አለኝ፣ «በመጀመሪያ አንቺን ነው የምጠይቀው። ዛሬ ምን ነካሽ፣ ምን ፈታሽ፣ ምን ጨመርሽ። ሁሉንም ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አልኩ። አፌን ከፍቼ፣ ወደ ውጭ።

ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ወደ ዋናው መንገድ ድረስ ጥሩ ቁልቁለት ነው። ሮጬ ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሼ ወረደ፤ ሣጥኑ ከኋላው ይንቀጠቀጣል። ከታች ከመታጠፊያው ጭድ የተጫነች አህያ ድንገት ብቅ አለች፤ ከጭዱ ብዛት እግሯ ብቻ ነው የሚታየው። መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ጋሼ ወደ እሷ እየወረደ ነው። እኔ ምንም ባልያዘ እጄ፣ ጣቶቼ እስኪነጩ ድረስ፣ ባዶ አየር ጨመቅኩ።

ሞተሩ ከአህያዋ አፍንጫ ክንድ ያህል ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

የአህያዋ ባለቤት ከኋላ እየሮጠ ደርሶ ዱላውን ሰማይ አደረሰው። «አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም? አህያዬን ልትገድልብኝ ነው?» እያለ ጋሼን ይሰድበዋል፤ ጋሼ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።